ሜዳው ከተጋጣሚው ይቀድማል፦ በኮሌጅ ፉትቦል ከኮንፈረንስ ውጭ ያሉ ጨዋታዎች እንዴት ይመረጣሉ?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ቨርጂኒያ የሚኖሩ አንዲት እናት፣ ልጃቸው ከላይኛው ቀጥሎ ባለውና ኤፍሲኤስ በሚባለው ደረጃ ለሚወዳደር ኮሌጅ በኦፌንሲቭ ላይን፣ ማለትም ኳስ የያዘውን በሚከላከለው የፊት መስመር፣ ይጫወታል። ቡድኑ በውድድር ዘመኑ መጀመሪያ ወደ አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ተጉዞ ከ50 በሚበልጥ የነጥብ ልዩነት ተሸንፎ ተመለሰ። «ይህን ተጋጣሚ ማን መረጠው? ለምንስ ሁልጊዜ የምንሄደው እኛ ነን? ልጆቹ እንደሚቀጠቀጡ እያወቁ ነው የፈረሙት?» ሲሉ ጠይቀዋል።

እህታችን፣ ከመጨረሻው ልጀምር፦ አዎ፣ እያወቁ ነው የፈረሙት። የተከፈላቸውም ለዚያ ነው። ይህን ስል ግን ውሳኔው ሁሉ ጭካኔ ነው ማለቴ አይደለም። በደንብ የተያዘ የክፍያ ጨዋታ (ትልቁ ትንሹን ከፍሎ ወደ ሜዳው የሚያስመጣበት) አለ፣ በግዴለሽነት የተፈረመም አለ፤ ልዩነታቸው ከውጤት ሰሌዳው ላይ አይታይም።

የአገራችንን ሊግ ለለመደ ሰው ነገሩ እንግዳ ነው። እዚያ መርሐ ግብሩን ሊጉ አውጥቶ ለክለቦች ያድላል። በአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ግን ኮንፈረንሱ፣ ትምህርት ቤቶቹ ተቧድነው የሚወዳደሩበት ማኅበር፣ የሚያወጣው የራሱን ጨዋታዎች ብቻ ነው። በላይኛው ደረጃ፣ በኤፍቢኤስ፣ አንድ ቡድን በመደበኛው የውድድር ዘመን 12 ጊዜ ይጫወታል። ቢግ ቴንና ቢግ 12 የተባሉት ኮንፈረንሶች ዘጠኙን በራሳቸው ጨዋታ ይይዙታል፤ ኤስኢሲ የተባለው ኮንፈረንስ እስከ 2025 ስምንት ነበር፣ ከ2026 ጀምሮ ዘጠኝ እንዲሆን ወስኗል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። የቀሩትን 3 ወይም 4 ቅዳሜዎች እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ራሱ ተደራድሮ፣ ዋጋ ቆርጦና ውል ፈርሞ ይሞላቸዋል። ሥራው የአትሌቲክ ዳይሬክተሩና የመርሐ ግብር ኃላፊ የሆነው ምክትሉ ነው። ዋናው አሰልጣኝ ይጠየቃል፣ አንዳንዱም የመከልከል ሥልጣን አለው። የመጨረሻውን ቃል ግን ብዙ ጊዜ የሚናገረው በጀቱ ነው።

አብዛኛው ተመልካች የሚስተው ነገር የምርጫውን ቅደም ተከተል ነው። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ «ከማን ጋር እንጫወት?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ስንት ጊዜ በሜዳችን እንጫወታለን?» ብሎ ነው የሚነሳው። የሚሺጋን ስታዲየም 107,601 ሰው ይይዛል። እንዲህ ያለ ሜዳ ለአንድ ቅዳሜ ሲከፈት ከቲኬት፣ ከመኪና ማቆሚያ፣ ከምግብና መጠጥ፣ የዓመቱን መቀመጫ ለማግኘት መዋጮ ከሚከፍሉ ደጋፊዎች የሚገባው ገንዘብ በሚሊዮኖች ይቆጠራል። ስለዚህ በዓመት 7 የሜዳ ጨዋታ ዝቅተኛው መስመር ነው፤ 8 ከተገኘ እሰየው። ተጋጣሚው የሚፈለገው ይህ ቁጥር ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ቁጥሩ ተጋጣሚን እንዴት እንደሚያስር እንመልከት። ዘጠኝ የኮንፈረንስ ጨዋታ ለሁለት እኩል አይከፈልም። አንድ ዓመት 5ቱ በሜዳ፣ 4ቱ ከሜዳ ውጭ ይሆናሉ፤ በቀጣዩ ዓመት ይገለበጣል። 7 የሜዳ ጨዋታ የሚፈልግ ትምህርት ቤት አራቱ ብቻ በሜዳው በሆኑበት ዓመት ሦስቱንም ቀሪ ጨዋታዎች በሜዳው ማድረግ አለበት። አምስቱ በሜዳው በሆኑበት ዓመት ብቻ አንዱን ወጥቶ መጫወት ይችላል። ከጠንካራ ቡድን ጋር የደርሶ መልስ ውል ሲፈራረም የመሄጃው ዓመት አምስቱ በሜዳው ከሚሆኑበት ዓመት ጋር መግጠም አለበት ማለት ነው። ሌላኛው ወገንም ያንኑ ሒሳብ ይዞ ነው የሚመጣው። ሁለቱም አምስቱን በጎዶሎ ዓመት የሚያገኙ ከሆነ ሁለቱም መሄድ የሚፈልጉት በጎዶሎ ዓመት ነው። መውጫው የመጀመሪያውን ጨዋታ በ2027፣ መልሱን በ2029 ማድረግ ነው። በአንዳንድ ውሎች ላይ በሁለቱ ጨዋታዎች መካከል ክፍተት የምናየው ለዚህ ነው፤ ሰው ግን ፉክክር የሸሹ ይመስለዋል።

ቋሚ ባላንጣ ያለው ደግሞ እጁ ይበልጥ የታሰረ ነው። አዮዋ ከአዮዋ ስቴት ጋር በየዓመቱ ይጫወታል። ሁለቱም በዘጠኝ ጨዋታ ኮንፈረንስ ውስጥ ስለሆኑ እያንዳንዳቸው ከሦስቱ ነጻ ቦታ አንዱን ገና ድርድር ሳይጀምሩ አጥተዋል። ጆርጂያና ጆርጂያ ቴክ፣ ፍሎሪዳና ፍሎሪዳ ስቴት፣ ሳውዝ ካሮላይናና ክሌምሰን፣ ኬንተኪና ሉዊቪልም እንደዚሁ ናቸው። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ለሌላ ትልቅ ቡድን «ቦታ የለንም» ሲሉ ማመካኛ ላይሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ነው የልጅዎ ኮሌጅ የሚገባው። ትልቁ ዩኒቨርሲቲ መጥቶ የሚጫወትለት፣ መልሱን የማይጠይቅ ቡድን ይፈልጋል። ያለ መልስ የሚመጣ ቡድን ደግሞ ዋጋ አለው። የኤፍሲኤስ ቡድን ለእንዲህ ያለ ጨዋታ ብዙ ጊዜ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያገኛል፤ አነስተኛ የኤፍቢኤስ ቡድን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይጠይቃል። «ለምን እነሱ አይመጡም?» ለሚለው መልሱ ይኸው ነው፦ ውሉ የተፈረመው እንዳይመጡ ነው። ቢመጡስ የት ይቀመጣል? የሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ግሪን ስታዲየም ከ10,000 ሰው አይዘልም። ያ ገቢ የትልቁን ቡድን ጉዞ እንኳ አይመልስም።

ሐዋርድን ያነሳሁት ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ስላለና አብዛኛው አንባቢያችን በደጁ ስለሚያልፍ ብቻ አይደለም። በሚወዳደርበት ሚያክ ኮንፈረንስ ፉትቦል የሚጫወቱት ስድስት ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ ስለዚህ በኮንፈረንስ የሚያገኘው 5 ጨዋታ ብቻ ነው። የኤፍሲኤስ የውድድር ዘመን 11 ወይም 12 ጨዋታ ስለሆነ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን መርሐ ግብር ራሱ መፈለግ አለበት። ለአዮዋ ከኮንፈረንስ ውጭ ያለው ጨዋታ ማሟያ ከሆነ፣ ለሐዋርድ የዓመቱ አብዛኛው ሥራ ነው።

እና እንዴት ይመርጣል? በ2017 ወደ ላስ ቬጋስ ተጉዞ ዩኤንኤልቪን 43 ለ 40 አሸነፈ። አቋማሪዎች በ45 ነጥብ ይሸነፋል ብለውት ነበር፤ በነጥብ ግምት ልዩነት ሲለካ በኮሌጅ ፉትቦል ታሪክ ትልቁ ያልተጠበቀ ውጤት ይባላል። ለመምጣቱም 600,000 ዶላር ተከፍሎታል። በ2021 ሜሪላንድ 62 ለ 0 ረታው፤ በ2023 ኖርዝዌስተርን ላይ ድሉ በ23 ለ 20 ለጥቂት አመለጠው፤ በ2024 ከራትገርስ 44 ለ 7 ተሸንፎ ተመለሰ። ሦስቱም የቢግ ቴን አባላት ናቸው፣ ውጤቱ ግን አንድ አይደለም። ጎበዝ መርሐ ግብር አውጪ «ቢግ ቴን» ብሎ ስሙን አይገዛም። ኖርዝዌስተርን በ2022 ያሸነፈው አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር። በእርግጥ ውል የሚፈረመው ከዓመታት በፊት ስለሆነ የዚያን ዓመት ጥንካሬ ማንም አያውቅም፤ ግን የአንድ ፕሮግራም የአሥር ዓመት ልክ ይታወቃል።

ከስም በላይ የሚታዩት ነገሮች ርቀት፣ የተጋጣሚው የመስመር ክብደትና ብዛት፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና የሜዳው ዓይነት ናቸው። ርቀቱን ብዙ ሰው አቅልሎ ያየዋል። ለምሳሌ ያህል ክፍያው 450,000 ዶላር ነው እንበል። ቻርተር አውሮፕላን ካስፈለገ 150,000 ሊሄድ ይችላል፤ ሆቴል፣ ምግብና የዕቃ መኪና ሲጨመር በእጅ የሚቀረው ወደ 270,000 ይወርዳል። ሐዋርድ ሜሪላንድ ኮሌጅ ፓርክ ሲሄድ ግን መንገዱ ከ10 ማይል አይበልጥም፤ አውቶቡሶቹ ጠዋት ወጥተው ማታ ይመለሳሉ። ስለዚህ 400,000 የሚከፍል ጎረቤት 500,000 ከሚከፍል ሩቅ ሊሻል ይችላል። በወረቀት ላይ ያለውን ድምር ብቻ አይቶ የፈረመ ዳይሬክተር ልጆቹን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ግቢ አድርሶ ለሰኞ ክፍል ያሰልፋቸዋል።

ስለ መስመሩ ልጅዎን ስለሚመለከት ትንሽ ልቆይበት። ለብዙ ዓመታት የኤፍቢኤስ ቡድን ለ85 ተጫዋቾች ስኮላርሺፕ ሲሰጥ የኤፍሲኤስ ጣሪያ የ63 ያህል ነበር፤ እሱም ለብዙዎች ተከፋፍሎ። የመጀመሪያ ተሰላፊዎቹ ልዩነት ሰው እንደሚያስበው ሰፊ አይደለም። ሰፊ የሚሆነው በሁለተኛውና በሦስተኛው ተቀያሪ ላይ ነው። ትልቁ ቡድን የዲፌንስ መስመሩን በየጥቂት ደቂቃው በሌላ 130 ኪሎ ሰው ይቀይራል፤ የእርስዎ ልጅ ግን 60 እና 70 ጊዜ እሱው ነው የሚቆመው። ጨዋታው እስከ ሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ቀርቦ ቆይቶ በሦስተኛው የሚፈርሰው፣ ጉዳትም የሚበዛው ከዚያ በኋላ የሆነው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የክፍያ ጨዋታ በቁጥር አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ይሁን፤ ሁለቱ ግን በተከታታይ ሳምንት አይሁኑ። ሳቫና ስቴት በ2012 ይህን ስህተት ሠራ። በመጀመሪያው ሳምንት ኦክላሆማ ስቴት 84 ለ 0፣ በሁለተኛው ፍሎሪዳ ስቴት 55 ለ 0 አሸነፉት፤ ሁለተኛው ጨዋታም በሦስተኛው ክፍል በመብረቅ ምክንያት ባይቆም ኖሮ የት ይደርስ እንደነበር መገመት ነው። ከሁለቱ ያገኘው ገንዘብ 860,000 ዶላር ነበር። ትምህርት ቤቱ በ2019 ወደ ዲቪዥን ሁለት ወረደ። ጥሩው ቦታ የመጀመሪያው ወይም ሁለተኛው ሳምንት፣ አለዚያም ከዕረፍት ሳምንት ቀድሞ ያለው ቅዳሜ ነው። መጥፎው ከኮንፈረንሱ መክፈቻ በፊት ያለው ነው፤ የተጎዳ መስመር ይዞ ለዋንጫ የሚቆጠረውን ጨዋታ መጀመር ማለት ነውና።

ትልቁም ቢሆን ድሏን በነጻ አያገኛትም። አፓላቺያን ስቴት በ2007 400,000 ዶላር ተቀብሎ ሚሺጋንን በሚሺጋን ሜዳ 34 ለ 32 አሸነፈ። በሴፕቴምበር 2022 በአንዲት ቅዳሜ አፓላቺያን ስቴት ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምን፣ ማርሻል ኖትር ዳምን፣ ጆርጂያ ሳውዘርን ኔብራስካን በየሜዳቸው ረቱ፤ ኔብራስካ በማግሥቱ አሰልጣኙን አሰናበተ። በ2024 ኖርዘርን ኢሊኖይ 1.4 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎት ኖትር ዳምን 16 ለ 14 አሸነፈ። የእነዚህ አሸናፊዎች የጋራ ነገር ዕድል ብቻ አይደለም፤ ለዓመታት አብረው የቆዩ ተጫዋቾች የነበሯቸው ቡድኖች ናቸው። ገዢው ይህን ስለሚያውቅ ጥሩ የሚባል አነስተኛ ቡድን ተጋጣሚ ለማግኘት ይቸገራል፤ ስልኩን የሚያነሳለት ያጣል።

አንዳንድ ተጋጣሚ ደግሞ ደካማ ሆኖም ይሸሻል። የባሕር ኃይሉና የምድር ጦሩ አካዳሚዎች ኔቪና አርሚ ኳሱን በሩጫ እያቀያየሩ የሚጫወቱት ትሪፕል ኦፕሽን የሚባለው ስልት በሌላ ሳምንት የማይገጥም ዝግጅት ይጠይቃል። ዲፌንሱ የተማረውን ትቶ ለአምስት ቀን አዲስ ነገር ያጠናል፣ በቀጣዩ ሳምንትም ይረሳዋል። ኔቪን የሚቀበል አሰልጣኝ የሚጠይቀው ቀን የመጀመሪያውን ሳምንት ነው፤ ኦገስት ሙሉ ለዝግጅት ይኖረዋልና። ከፍታም እንደዚሁ ነው። ዋዮሚንግ የሚጫወትበት ላራሚ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ግድም ነው፤ ከኤፍቢኤስ ሜዳዎች ሁሉ ከፍተኛው። ሚዙሪ በ2019፣ ቴክሳስ ቴክ በ2023 እዚያ ሄደው ተሸንፈዋል። (ለአዲስ አበባ ልጅ ላራሚ ቁልቁለት ነው፤ ቴክሳስ ቴክ ለሚገኝበት ለሉቦክ ልጅ ግን አይደለም።)

ወደ ገለልተኛ ሜዳ ስንመጣ ሒሳቡ ይለወጣል። አዘጋጁ ትልቅ ስታዲየም ይከራያል፣ ለሁለቱም ቡድን ክፍያና የቲኬት ድርሻ ይሰጣል፣ መልስ የለም። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ የተጋጣሚን ሜዳ ሳይረግጡ ትልቅ ጨዋታ ማግኘት፣ ተጫዋች በሚመለመልበት ከተማ መታየት። በ2016 ቴነሲና ቨርጂኒያ ቴክ የመኪና ውድድር በሚካሄድበት ብሪስቶል ውስጥ ሲጫወቱ 156,990 ሰው ተገኝቷል። ኪሳራው ግን ተደብቆ ነው ያለው። የሜዳ ጨዋታ አንድ ሲቀነስ የዓመት ቲኬት ዋጋ ይነካል፣ የከተማው ሆቴልና ምግብ ቤት ይጮኻል፣ ተማሪው ወደ ጨዋታው አይደርስም። ጆርጂያ ቴክ በ2025 ከጆርጂያ ጋር ያለውን የሜዳ ጨዋታ ካምፓሱ ውስጥ ካለው ቦቢ ዶድ ስታዲየም አውጥቶ እዚያው አትላንታ ወደሚገኘው መርሴዲስ ቤንዝ ስታዲየም በ10 ሚሊዮን ዶላር ወሰደው። ቡድኑ በዚያ ዓመት ጠንካራ ሆኖ ተገኘና የገዛ ደጋፊው ባላንጣውን በጠባቡ ሜዳችን ማስጨነቅ ስንችል ብሎ አጉረመረመ። ጨዋታውም 16 ለ 9 በሽንፈት አለቀ። እኔ እንደማየው ገንዘቡ ያኔ ትክክል ነበር፣ የተሳሳተው ጨዋታው ነው፤ ባላንጣ አይሸጥም፣ ሌላ ቅዳሜ ይሸጣል።

ለዲሲ አካባቢ ሰው የታወቀው ገለልተኛ ሜዳ ላንዶቨር ያለው የዋሽንግተን ፕሮፌሽናል ቡድን ስታዲየም ነው። ሜሪላንድ በ2018 ቴክሳስን 34 ለ 29 ያሸነፈው እዚያ ነው፤ ከካምፓሱ ቅርብ ስለነበር «ገለልተኛ» የሚለው ቃል ለቴክሳስ ብዙም አልጠቀመውም። የ2010ሩ የቨርጂኒያ ቴክ ጉዳይ ደግሞ ለመርሐ ግብር አውጪዎች ማስተማሪያ ነው። ሰኞ ማታ በሌበር ደይ ከቦይሲ ስቴት ጋር ተጫውቶ 33 ለ 30 ተሸነፈ። ከአምስት ቀን በኋላ ቅዳሜ በሜዳው ያኔ ኤፍሲኤስ የነበረውን ጄምስ ማዲሰንን ገጥሞ 21 ለ 16 ተረታ። ከዚያ በኋላ 11 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ፤ ማለትም ቡድኑ ደካማ አልነበረም። ሰኞ ለቴሌቪዥን መጫወትህን ከፈረምክ ቀጣዩን ቅዳሜ አብረህ ማየት አለብህ፤ አጭሩን ሳምንት «ቀላል» ላሉት ተጋጣሚ መስጠት የተለመደ ወጥመድ ነው።

አየርላንድ፣ ደብሊን የሚደረገውም ጨዋታ አንድ ነገር ያስተምራል። ከሌበር ደይ ሳምንት አንድ ቅዳሜ ቀድሞ በሚመጣው «ዊክ ዜሮ» ላይ ስለሚውል ተጓዡ ተጨማሪ የዕረፍት ቀን ያገኛል ተብሎ ይታሰባል። ፍሎሪዳ ስቴት በ2024 እዚያ ከጆርጂያ ቴክ 24 ለ 21 ከተሸነፈ በኋላ በዘጠነኛው ቀን በቦስተን ኮሌጅ ተሸንፎ ዓመቱን 2 አሸንፎ 10 ተሸንፎ ጨረሰ። ጉዞው ብቻውን ይህን አላመጣም። ግን ልምምድ በአንድ ሳምንት ቀድሞ መጀመር፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ መመለስና ወዲያው የኮንፈረንስ ጨዋታ መግባት በወረቀት ላይ እንደሚታየው ዕረፍት አይደለም።

አሁን ለትልልቆቹ «ጠንካራ ወይስ ደካማ ተጋጣሚ?» የሚለው ጥያቄ ከቀድሞው ይልቅ ከብዷል። ቦውል ለሚባለው የዓመት ማብቂያ ጨዋታ ለመግባት 6 ድል ይበቃል፤ ከእነዚህ ውስጥ በኤፍሲኤስ ቡድን ላይ የተገኘ አንድ ድል ይቆጠራል። ሻምፒዮኑ የሚለይበት ፕሌይኦፍ ግን ከ2024 ጀምሮ 12 ቡድን ቢያስገባም የሚመርጠው ኮሚቴ ነው። ኢንዲያና ከሉዊቪል ጋር የነበረውን ውል አፍርሶ በ2024 ከኮንፈረንስ ውጭ ቀላል የሚባሉትን ኤፍአይዩን፣ ዌስተርን ኢሊኖይንና ሻርሎትን ገጠመና 11 አሸንፎ 1 ተሸንፎ ፕሌይኦፍ ገባ። ቴክሳስ በ2025 በኦሃዮ ስቴት ሜዳ 14 ለ 7 ተሸንፎ ጀመረ፣ 9 አሸንፎ 3 ተሸንፎ ጨረሰ፣ ከፕሌይኦፉ ቀረ፤ አሰልጣኙም ያን ጨዋታ ባንይዝ 10 አሸንፈን 2 ብቻ እንሸነፍ ነበር ብሎ በይፋ ተከራከረ። በዚያው ዓመት ኖትር ዳም በመክፈቻው ከሜያሚ 27 ለ 24፣ ቀጥሎ ከቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም 41 ለ 40 ተሸንፎ የቀሩትን አሥሩንም አሸነፈ። ዲሴምበር ላይ ከሜያሚ ጋር ሲመዘን የኦገስቱ የሦስት ነጥብ ልዩነት ወሰነና ሜያሚ ገባ፣ ኖትር ዳም ቀረ። ከዚህ «ደካማ ተጫወት» የሚል ትምህርት የሚወስዱ አሉ። እኔ አልስማማም፤ ሜያሚን ያስገባውም ያው ጨዋታ ነውና። ከጠንካራው መጋጠም ያለበት ዘጠኝ የኮንፈረንስ ጨዋታው ቀላል የሆነለት ቡድን ነው። ኮንፈረንሱ ራሱ የሚያደቀው ቡድን ግን አንድ ከበቂ በላይ ነው፣ እሱም በሜዳው በሚሆንበት ዓመት።

ይህ ለእርስዎ ኮሌጅም ይደርሳል። የኤስኢሲ 16 ትምህርት ቤቶች ከስምንት ወደ ዘጠኝ ሲሄዱ በየዓመቱ እስከ 16 ነጻ ቅዳሜ ይጠፋል። ከሚጠፋው ውስጥ ብዙው የክፍያ ጨዋታ ይሆናል፤ ስለዚህ ለትንንሾቹ ገበያው ይጠባል፣ ክፍያውን ለማግኘትም ሩቅ መሄድ ይመጣል።

ከተጋጣሚና ከሜዳ እኩል የሚከብደው ውሉ ነው፣ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚባለውም እዚህ ነው። ትልልቅ የደርሶ መልስ ውሎች አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ቀድመው ይፈረማሉ። ጆርጂያና ኦክላሆማ በ2023 ሊጋጠሙ ተዋውለው ነበር፤ ኦክላሆማ ወደ ኤስኢሲ ሊገባ ስለሆነ ውሉ ፈረሰና ጆርጂያ በቦታው ቦል ስቴትን አመጣ። ኔብራስካ ከቴነሲ ጋር ለ2026 እና ለ2027 የነበረውን ውል ሲሰርዝ ምክንያቱ ሜዳው ነበር፦ ስታዲየሙ ሲታደስ መቀመጫ ስለሚቀንስ ተጨማሪ የሜዳ ጨዋታ አስፈለገው። ስለዚህ ውል ሲነበብ መጀመሪያ የሚታየው የክፍያው መጠን ሳይሆን የማፍረሻው ካሳ ነው። ካሳው ከክፍያው በታች ከሆነ ትልቁ ወገን በማንኛውም ጊዜ የተሻለ ሲያገኝ ይጥልሃል፣ አንተም በሰኔ ተጋጣሚ ፍለጋ ትወጣለህ። በሰረዘው ወገን ላይ ካሳው ወደ ጨዋታው ቀን በተጠጋ ቁጥር እንዲያድግ ማድረግ ይሻላል።

ቀጥሎ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት የሚለው አንቀጽ አለ። ኔብራስካና አክረን በ2018 ኳስ ከተመታ በኋላ መብረቅ መጣና ጨዋታው ሳይካሄድ ቀረ። ስለዚህ አንቀጹ ተጀምሮ ያላለቀ ጨዋታ እንደተካሄደ ይቆጠራል ወይ፣ የመጣው ቡድን የጉዞ ወጪውን ማን ይመልስለታል፣ ምትክ ቀን ይፈለጋል ወይ ብሎ በግልጽ መመለስ አለበት። በዚያው ዓመት ኢስት ካሮላይና በፍሎረንስ አውሎ ነፋስ ምክንያት ወደ ቨርጂኒያ ቴክ ሳይመጣ ቀረ። ቨርጂኒያ ቴክ ስድስተኛ ድል ፍለጋ በዲሴምበር 1 ማርሻልን በአስቸኳይ አስመጥቶ 41 ለ 20 አሸንፎ ነው ቦውል የገባው። ከዚህ ሌላ ዳኞች ከየትኛው ኮንፈረንስ እንደሚመጡ፣ የቴሌቪዥን መብቱ የማን እንደሆነ፣ ሰዓቱን ማን እንደሚወስን፣ ለእንግዳው ቡድን ስንት የነጻ ቲኬት እንደሚሰጥ ይጻፋል። የሰዓቱ ነገር ቀላል አይምሰልዎ፤ በሴፕቴምበር መጀመሪያ በደቡብ በቀትር መጫወትና ማታ መጫወት ለወፍራም ልጅ ሁለት የተለያየ ጨዋታ ነው።

አሁን እንደ ወላጅ ምን ሊጠይቁ ይችላሉ? ተጋጣሚውን ለማስቀየር ጊዜው አልፏል፣ ውሉ ከተፈረመ ቆይቷል። የሚከተሉትን ግን አሰልጣኙ ወይም የቡድኑ ኦፕሬሽን ኃላፊ ይመልሳል። ከቡድኑ ጋር የሚጓዙት የአካል ጉዳት ባለሙያዎች ስንት ናቸው፣ ሐኪምስ አብሮ ይሄዳል ወይ? ልዩነቱ ሲሰፋ አሰልጣኙ መስመሩን መቼ ነው የሚቀይረው? ሕጉ ሁለቱ ዋና አሰልጣኞችና ዳኛው ከተስማሙ የቀሩትን ክፍሎች ደቂቃ ማሳጠር ይፈቅዳል፤ ይህን ለመጠየቅ የማያፍር አሰልጣኝ ልጆቹን የሚያስብ ነው። ልጅዎ አዲስ ገቢ ከሆነ ደግሞ አንድ ተጫዋች እስከ 4 ጨዋታ ድረስ ተሰልፎ ያን ዓመት ሬድሸርት ማድረግ፣ ማለትም ከመጫወቻ ዓመታቱ እንዳይቆጠርበት ማድረግ፣ እንደሚችል ይወቁ፤ በክፍያ ጨዋታ ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ለስምንት ደቂቃ መግባቱም ከአራቱ አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። ለአንድ ተጫዋች ቤተሰብ በአንድ ጨዋታ እስከ 4 የነጻ መግቢያ መስጠት ይፈቀዳል፣ ከሜዳ ውጭም ቢሆን፤ ስሙ አስቀድሞ ካልተመዘገበ ግን በር ላይ አይሰጥም።

ገንዘቡ ስንት እንደነበር ማወቅ ከፈለጉም መንገድ አለ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የጨዋታ ውል በአብዛኛው ክፍለ ግዛት በመረጃ ነጻነት ሕግ ተጠይቆ የሚገኝ ሰነድ ነው። ጥያቄውን የሚጽፉት ለትምህርት ቤቱ የመዝገብ ጥያቄ ክፍል ነው። «ከእንዲህ ያለ ኮሌጅ ጋር በዚህ ቀን ለተደረገው የፉትቦል ጨዋታ የተፈረመው ውልና ማሻሻያዎቹ» ብሎ ተጋጣሚውንና ቀኑን ለይቶ መጻፍ ይበቃል። «ማሻሻያዎቹ» የምትለዋን አይርሷት፤ ቀንና ክፍያ ብዙ ጊዜ የሚቀየረው በእሷ ነው። የልጅዎ ኮሌጅ እንደ ሐዋርድ የግል ከሆነ በእሱ በኩል አያገኙትም፣ ያን ጊዜ በተጋጣሚው በኩል ይጠይቁ፤ ውሉ ላይ የሁለቱም ፊርማ አለ።